የኮንራድ ፋይት የሕይወት ታሪክ

«ካዛብላንካ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ያየን ሁሉ ሜጀር ሽትራሰርን አንረሳውም። ረጅምና ቀጭን፣ ንግግሩ ለስላሳ ሆኖ ነገሩ መርዝ የሆነ የናዚ መኮንን ነው። በፊልሙ መጨረሻ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ የማይደሰት ተመልካች አይገኝም፤ እኛም ተደስተናል። ያን ጊዜ ግን ያንን መኮንን ሆኖ የተጫወተው ሰው ማን እንደ ነበረ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ኋላ ጠይቀን የደረስንበት ታሪክ ከፊልሙ የማያንስ ሆኖ ስላገኘነው ለጓደኞቻችን ለማካፈል ይህን ጽፈናል። ሰውየው ኮንራድ ፋይት ይባላል። ጀርመናዊ ነበረ፤ ናዚዎችንም ጠልቶ ከሚወደው አገሩና ከቋንቋው የተለየ ሰው ነበረ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ በአገራችን አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንራድ ፋይት በጃንዋሪ 22 ቀን 1893 በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀድሞ በወታደርነት ያገለገለ፣ በኋላም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ፣ ሥርዓት አጥባቂ ሰው ነበረ። እናቱ ርኅሩኅና ልጇን የምታበረታታ ነበረች። አንድ ወንድም ነበረው፤ እርሱም በ1900 ገና በልጅነቱ በሕመም ስለ ሞተ ኮንራድ ብቻውን አደገ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቱን ከባድ የልብ ሕመም ያዘው። ቤተ ሰቡ ሀብታም አልነበረም፤ ሆኖም የቀዶ ጥገናውን ሥራ የፈጸመው ሐኪም የሚችሉትን ያህል ብቻ አስከፍሎ አዳነላቸው። ልጁ በዚህ ሰው ደግነት ልቡ ስለ ተነካ እርሱም ሲያድግ እንደዚያ ያለ ሐኪም ለመሆን ቆረጠ።

ይሁን እንጂ ትምህርትና ኮንራድ አልተስማሙም። በ1912 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲፈጽም ከ13 ተማሪዎች 13ኛ ሆኖ ወጣ። ፈተና በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ ለምናጣው ለእኛ ይህ ነገር የሚያጽናና ይሁን የሚያስፈራ፣ ፍርዱን ለአንባቢ እንተወዋለን። ለማናቸውም የሕክምናው በር በዚሁ ተዘጋ። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1911 ለገና በዓል በትምህርት ቤቱ በተዘጋጀ ቴአትር ላይ መግቢያውን እንዲናገር ተመርጦ ነበርና ከመድረክ ላይ ሆኖ ሕዝብን ማየት ምን እንደሚመስል ቀምሶት ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኛትን ሳንቲም ሁሉ የርካሽ መቀመጫ ቲኬት ይገዛባት ጀመር። በዚያን ዘመን በበርሊን «ዶይቸስ ቴአትር» የሚባለውን ታላቅ ቴአትር ቤት የሚመራው ማክስ ራይንሃርት የተባለው ስመ ጥር አዘጋጅ ነበረ። ወጣቱም ከአንድ ተዋናይ ዘንድ እየከፈለ ጥቂት ትምህርት ከወሰደ በኋላ በራይንሃርት ፊት ለፈተና ቀረበ። ራይንሃርት ልጁ ሲናገር እስኪጨርስ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ውጭውን ይመለከት ነበር ይባላል። ቢሆንም ተቀበለው፤ በ1913 በወር 50 ማርክ እየተከፈለው ከአጃቢዎቹ መካከል እንዲቆም ተቀጠረ። አባቱ የቴአትርን ሰዎች ቤትና አገር እንደሌላቸው፣ ከሰው ተራ እንደ ወጡ አድርጎ ስለሚቆጥር በነገሩ እጅግ አዘነ። እናቱ ግን ከልጇ ጎን ቆመች።

አንድ የቴአትር ዘመን እንደ ተፈጸመ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ፋይት በ1914 መጨረሻ ለውትድርና ተመልምሎ በተከታዩ ዓመት በምሥራቁ ግንባር ከሩሲያ ጦር ጋር በሚደረገው ውጊያ ተሰለፈ። በዚያም የጉበትና የሳንባ ሕመም ስለ ያዘው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተላከ። ተኝቶ ሳለ ሉሲ ማንሃይም ከተባለች ተዋናይ ወዳጁ ደብዳቤ መጣለት፤ ሊባው በተባለችው የወደብ ከተማ ለወታደሮች በተቋቋመው ቴአትር ሥራ ማግኘቷን የሚገልጽ ነበር። እርሱም ጥያቄ አቅርቦ እንዲዛወር ተፈቀደለት፤ ሕመሙ ለጦር ሜዳ እንዳይበቃ ስላደረገው የቀረውን የጦርነት ጊዜ የሚበልጠውን በመድረክ ላይ አሳለፈ። በ1917 ከጦሩ ተሰናብቶ ወደ በርሊን ሲመለስ ራይንሃርት እንደ ገና ተቀበለው። በዚያው ጊዜም ፊልም መሥራት ጀመረ።

በ1918 ጀርመን ተሸንፋ ንጉሠ ነገሥቷ ከዙፋኑ ሲወርድ፣ ሕዝቡ በረኃብና በተስፋ መቁረጥ ተይዞ ሳለ፣ የበርሊን ሲኒማ ቤቶች ግን በተመልካች ይሞሉ ነበር። ፊልም ገና ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ ተዋናዩ ያለው መሣሪያ ዓይኑ፣ ፊቱ፣ እጁና አካሄዱ ብቻ ነበረ። ፋይት ቁመቱ የረዘመ፣ ፊቱ የቀጠነ፣ ዓይኖቹ ከሩቅ የሚጠሩ ሰው ስለ ነበረ ለዚህ ጥበብ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ደፋርም ነበረ። በ1919 «ከሌሎች የተለየ» በተባለው ፊልም ወንድ ወንድን ቢወድ በወህኒ የሚያስቀጣው የጀርመን ሕግ አንቀጽ 175 መሣሪያ ሆኖ ሰዎች እንዴት እየተዛተባቸው ገንዘባቸውን እንደሚነጠቁና ለሞት እንደሚዳረጉ የሚያሳየውን ታሪክ ዋና ተዋናይ ሆኖ ሠራ። እንዲህ ያለውን ነገር በዚያን ጊዜ በፊልም ያነሣ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ፊልሙም በማግሥቱ ዓመት ለሕዝብ እንዳይታይ ተከለከለ።

ፋይትን የዓለም ሰው ያደረገው ግን በፌብሩዋሪ 1920 በበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «የዶክተር ካሊጋሪ ቤት» የተባለው ፊልም ነው። አዘጋጁ ሮበርት ቪኔ ነበረ። በዚህ ፊልም ቤቶቹና መንገዶቹ የተጣመሙ፣ ጥላውና ብርሃኑ ሳይቀር በቀለም የተሣለ ነው። ካሊጋሪ የተባለው ሰው በገበያ ቦታ ቼዛሬ የተባለ እየተኛ የሚራመድ ሰው በሳጥን አስተኝቶ ለሕዝብ ያሳያል፤ ሌሊት ደግሞ እየላከ ሰው ያስገድለዋል። ካሊጋሪን ሆኖ የተጫወተው ቬርነር ክራውስ ነው፤ ቼዛሬን ሆኖ የተጫወተው ፋይት ነው። ቼዛሬ በቆመበት ዓይኖቹን ቀስ እያለ ሲከፍት የሚታይበት ክፍል እስከ ዛሬ በፊልም ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ዚግፍሪድ ክራካወር የተባለው ጸሐፊ በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ፊልም የሂትለር ዘመን አስቀድሞ የጣለው ጥላ አድርጎ ተርጉሞታል። በትርጓሜው የማይስማሙ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ቢሆንም ትእዛዝ ሰምቶ ዓይኑን ሳይገልጥ የሚገድለውን ያንን ሰው ስናይ፣ ኋላ የሆነውን ስለምናውቅ፣ ልባችን መፍራቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የዝና ዓመታት ሆኑለት። በ1924 በ«ሰም ምስሎች ቤት» የሩሲያውን ኢቫን አስፈሪውን ሆኖ ተጫወተ። በዚያው ዓመት በ«ኦርላክ እጆች» እጆቹ በባቡር አደጋ ጠፍተው የነፍሰ ገዳይ እጆች የተተከሉለት የፒያኖ ተጫዋች ሆነ። በ1926 በ«የፕራግ ተማሪ» ደግሞ በመስታወት የሚታየውን የራሱን መልክ በገንዘብ ሸጦ ኋላ ያ መልክ የሚያሳድደው ድኻ ተማሪ ሆነ። እነዚህን ፊልሞች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ የሚያመሳስል ነገር እናገኛለን። ቼዛሬ በሰው ፈቃድ ይራመዳል፤ ኦርላክ እጁን አያዘውም፤ ተማሪው መልኩን ሸጧል። ፋይት ገላው የራሱ ያልሆነውን ሰው በማሳየት ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ዝናው ባሕር ተሻግሮ ስለ ነበረ የአሜሪካው ተዋናይ ጆን ባሪሞር ወደ ሆሊውድ ጠራው፤ በ1927 በወጣው ፊልምም አብረው ሠሩ። በሆሊውድ ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠው በ1928 የወጣው «የሚስቀው ሰው» ነው። ታሪኩ የቪክቶር ሁጎ ነው፤ በልጅነቱ በንጉሥ ትእዛዝ አፉ ተቀዶ ሁልጊዜ እንዲስቅ ስለ ተደረገ ሰው ይናገራል። ፋይት ከንፈሩን የሚወጥር መሣሪያ አፉ ውስጥ አድርጎ፣ የፊቱ ግማሽ እየሣቀ በዓይኑ ብቻ ሲያለቅስ ይታያል። ከዓመታት በኋላ በ1940 የአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ሠሪዎች «ጆከር» የተባለውን ክፉ ሰው ሲፈጥሩ መልኩን ከዚህ ፊልም ሥዕል እንደ ወሰዱ ይነገራል። ስሙን ፈጽሞ ያልሰማ የዛሬ ወጣት እንኳ የፋይትን ፈገግታ ያውቀዋል ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያው ወራት ፊልም መናገር ጀመረ። የፋይት እንግሊዝኛ ደካማ ነበረ። በ1929 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር የሰማው የጀርመን ሕዝብም በታላቅ ደስታ ተቀበለው። በ1931 «ኮንግረሱ ይጨፍራል» በተባለው ዝነኛ የዘፈን ፊልም የኦስትሪያውን ሚኒስትር ሜተርኒኽን ሆኖ ሠራ። በ1932 ለአንድ ፊልም ወደ ለንደን ሄዶ ተመለሰ። ዕድሜው 40 ሊሞላ ነበር፤ ዝናም ገንዘብም አልጎደለውም። በፖለቲካ ነገር ስሙ ከዚያ በፊት ብዙም አልተነሣም።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር የጀርመን መንግሥት መሪ ሆነ። በማርች ወር ጎብልስ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ሆነና ሲኒማውን ከይሁዲዎችና ከተቃዋሚዎች ለማጽዳት ተነሣ። በፊልም ሥራ የሚገኝ ሰው ሁሉ ዘሩን የሚገልጽበት ቅጽ እንዲሞላ ታዘዘ። ፋይት ይሁዲ አልነበረም። አባቱም እናቱም ጀርመኖች ነበሩ፤ በእምነትም ፕሮቴስታንት ነበረ። እውነተኛውን መልስ ጽፎ በዝናው ላይ ዝና መጨመር በቻለ ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1933 የጸደይ ወራት ኢሎና ፕራገር የተባለች፣ ከሀንጋሪ የመጣች የይሁዲ ተወላጅ አግብቶ ነበር። ፋይት ቅጹን ወሰደ፤ ዘር በሚለው ቦታም ይሁዲ የሚለውን ቃል ጻፈበት። ከዚያም በኤፕሪል ወር ከሚስቱ ጋር አገሩን ለቀቀ።

ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ፋይት የሚኖረው በመናገር ነው። ሐኪም ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን በየትም አገር ባዘዘ ነበር። ተዋናይ ግን ቋንቋውን ጥሎ ሲሄድ እጁን ቆርጦ እንደ ሄደ ይቆጠራል። ይህንንም ከሆሊውድ ያስመለሰው የቋንቋ ችግር አስቀድሞ አስተምሮታል። ስለዚህ ያቺን አንዲት ቃል ሲጽፍ ምን እንደሚያስከፍለው በሚገባ ያውቅ ነበር።

በለንደን እንግሊዝኛውን ተቀምጦ ተማረ፤ አነጋገሩን ባያጠፋውም ለሥራው መሣሪያ አደረገው። በ1933 «ተንከራታቹ ይሁዲ» የተባለ ፊልም ሠራ። በመካከሉ ቀደም ብሎ በገባው ውል መሠረት «ቪልሄልም ቴል» የተባለውን ፊልም ለመሥራት ወደ ጀርመን ተመልሶ ሄደ። ናዚዎች ቀጥሎ «ይሁዲው ዙስ» የተባለውን ፊልም በእንግሊዝ አገር ሊሠራ መሆኑን ሰምተው ነበርና ታሟልና መንገድ አይችልም በሚል ምክንያት አገቱት። ቀጣሪው የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ ጎሞን ብሪቲሽ የራሱን ሐኪም ላከ፤ ጤነኛ መሆኑም ስለ ተረጋገጠ ለመልቀቅ ተገደዱ። ፊልሙም በ1934 ወጣ። ታሪኩ ከሊዮን ፎይክትቫንገር መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን በ1738 በሽቱትጋርት በስቅላት ስለ ሞተው ስለ ዮሴፍ ዙስ ኦፐንሃይመር ነው። ፋይት ዙስን ሆኖ ሲጫወት በዘሩ ምክንያት የሚጠላ ሰው ሥቃይ ምን እንደሚመስል አሳየ።

አሁን ደግሞ ወደ ካሊጋሪ እንመለስ። ያንን ፊልም ከፋይት ጋር የሠራው ቬርነር ክራውስ በጀርመን ቀረ፤ በናዚዎች ዘንድ ታላቅ ክብርና ሹመት አገኘ። በ1940 ናዚዎች ስለዚያው ስለ ዙስ የራሳቸውን ፊልም በፋይት ሃርላን አዘጋጅነት ሠሩ። (ይህ ፋይት የሌላ ሰው መጠሪያ ስም ነው፤ ከምንጽፍለት ሰው ጋር ዝምድና የለውም።) ክራውስ በዚህ ፊልም ይሁዲዎችን የሚያስጠሉ ልዩ ልዩ ሰዎችን እርሱ ብቻውን እየተለዋወጠ ተጫወተ። ፊልሙን 20 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ አየው፤ ሂምለርም የኤስ ኤስ ወታደሮችና ፖሊሶች ሁሉ እንዲያዩት አዘዘ። እንግዲህ ከአንድ ፊልም የወጡ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ለተገፋው ሰው ፊቱን አዋሰ፤ ሁለተኛው ለገፊው አከራየ። በጥበቡ ክራውስ ከፋይት ያንሳል የሚል የለም፤ እንዲያውም ይበልጣል የሚሉ ነበሩ። ስለዚህ ልዩነታቸው የችሎታ አልነበረም።

ፋይት ያደረገው ቀላል ነው፤ ዝና ነበረው፤ ውጭ አገር ሥራ ይጠብቀው ነበር፤ ምስኪኑስ ወዴት ይሄዳል? የሚል አንባቢ ቢኖር እውነት አለው። ዮአሂም ጎትሻልክ የተባለውን ወጣት ተዋናይ እናስታውስ። እርሱም እንደ ፋይት ጀርመናዊ ሆኖ ሚስቱ ይሁዲ ነበረች። እንዲፈታት ቢጠየቅም እምቢ አለ። በኖቬምበር 1941 ሚስቱና የ8 ዓመት ልጁ ወደ ማጎሪያ ሥፍራ ሊወሰዱ መሆኑ በተነገረው ጊዜ ሦስቱም በቤታቸው ውስጥ ጋዝ ከፍተው አብረው ሞቱ። ጀርመን ከተሸነፈች በኋላ በ1947 በዚህ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም በበርሊን ተሠርቷል። በሌላው ወገን ደግሞ ሕዝቡ እጅግ ይወደው የነበረው ሃይንዝ ሩማን በ1938 ይሁዲ ሚስቱን ፈትቶ ሥራውን ቀጠለ። በነዚህ ሰዎች ላይ እኛ በደህና ዘመን ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ፈራጅ ልንሆን አይገባንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ፋይት የመውጫው በር ክፍት ነበረለት፤ ግን በር ተከፍቶላቸው ያልወጡ ብዙዎች ነበሩ።

ከወጣም በኋላ የቀሩትን አልረሳም። ፋይት ሦስት ጊዜ ያገባ ሰው ነው፤ ከሁለተኛዪቱ ሚስቱ በ1925 የተወለደች አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። በ1935 ይህች ልጁና እናቷ ከጀርመን ወጥተው ስዊስ አገር እንዲቀመጡ አደረገ፤ የኢሎናንም ወላጆች ከኦስትሪያ ወደዚያው አሻገራቸው። በ1939 የእንግሊዝ ዜግነት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ሲጀመር እንግሊዞች የጠላት አገር ሰው ያሉትን ሁሉ ወደ እስር ቤት ለመክተት ሲነሡ፣ ፖል ሄንሪድ ለተባለው ወጣት የኦስትሪያ ተዋናይ ዋስ ሆኖ ተናገረለት። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

በጦርነቱ ዋዜማና መጀመሪያ ማይክል ፓወል ባዘጋጃቸው «ጥቁር የለበሰው ሰላይ» እና «ኮንትሮባንድ» በተባሉት ፊልሞች ሠራ። «የባግዳድ ሌባ» በተባለው የቀለም ፊልምም ጃፋር የተባለውን ጠንቋይ ሚኒስትር ሆኖ ተጫወተ። ይህ ፊልም በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት በ1940 በሆሊውድ ተፈጸመ፤ ፋይትም በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄዶ ተቀመጠ። ያጠራቀመውን ገንዘብና ከደመወዙም ብዙውን ክፍል እንግሊዝ ለምታደርገው ጦርነት ሰጠ። በ1940 የገና በዓል በለንደን ቦምብ በሚዘንብበት ጊዜ በየምሽጉ ለሚያድሩ የድኾች ልጆች የሚታደል 2,000 ቆርቆሮ ከረሜላና 2,000 ጥቅል ቸኮላታ በገንዘቡ አስገዝቶ ላከ።

በሆሊውድ ግን አንድ የሚያስገርም ዕጣ ገጠመው። የሚፈለገው ለናዚነት ነበረ። ቁመናው፣ አነጋገሩና ዓይኑ ለዚህ የተመቸ ነው ተባለ። እርሱም አልሸሸም፤ ነገር ግን ናዚን ሆኖ የሚጫወት ከሆነ ያ ሰው በክፋቱ እንዲታይ እንጂ እንዲወደድ ተደርጎ እንዳይጻፍ በውሉ አስገባ። በ1942 በወጣው «የናዚ ወኪል» መንታ ወንድማማቾችን ሆኖ ብቻውን ተጫወተ። አንዱ መጻሕፍት ወዳድ ስደተኛ ነው፤ ሌላው የናዚ ቆንስል ነው። ስደተኛው ወንድሙን ገድሎ በእርሱ ስፍራ ይቀመጥና የናዚዎችን ሥራ ያከሽፋል። የፋይትን ሕይወት በአንድ ፊልም ማሳጠር ቢያስፈልግ ከዚህ የሚሻል አይገኝም።

ከዚያም «ካዛብላንካ» መጣ። ፊልሙን ያዘጋጀው ከሀንጋሪ የሄደው ማይክል ከርቲዝ ነው፤ በኖቬምበር 1942 በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሜጀር ሽትራሰር የሚያሳድደው የነፃነት ታጋይ ላዝሎ ይባላል። እርሱን ሆኖ የሚጫወተው ከላይ ስሙን ያስያዝነው ፖል ሄንሪድ ነው። በፊልሙ ላዝሎን ለመያዝ የሚጥረው ሰው በእውነተኛው ሕይወት ከእስር እንዲተርፍ ዋስ የሆነለት ሰው ነው ማለት ነው። በሪክ ቡና ቤት ውስጥ ሽትራሰርና መኮንኖቹ የጀርመን መዝሙር ሲዘምሩ፣ ስደተኞቹ ተነሥተው የፈረንሳይን መዝሙር በመዘመር ድምፃቸውን ይውጡታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ተዋንያን ብዙዎቹ በእውነት ከናዚ ሸሽተው የመጡ ነበሩ፤ እንባዋ የሚታየው ማደሌን ለቦም በ1940 ከፓሪስ ያመለጠች ናት። የሚዘፈንበትም ናዚ ሆኖ የቆመው ራሱ ከእነርሱ አንዱ ነበረ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ፊልም ውስጥ ልባችንን የሚነካ ነገር አለ። ሀምፍሪ ቦጋርት የሚጫወተው ሪክ የቡና ቤት ባለቤት ከመሆኑ በፊት በ1935፣ ይኸውም በአገራችን አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ፣ ወደ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ በስውር ያስገባ እንደ ነበረ በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይነገራል። የሰው ልጆች ማኅበር ዓይኑን ጨፍኖ በተወን በዚያ ወራት ከእኛ ጋር መቆም የአንድ ሰው ደግነት መለኪያ ሆኖ በሆሊውድ መቆጠሩን ስናይ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ኮንራድ ፋይት ፊልሙ በመላው አሜሪካ በታየ በጥቂት ወራት ውስጥ በኤፕሪል 3 ቀን 1943 በሎስ አንጀለስ ጎልፍ በመጫወት ላይ ሳለ ልቡ ቆሞ በድንገት ሞተ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበረ። «ካዛብላንካ» በማግሥቱ ዓመት የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካርን ሽልማት ሲቀበል አላየም፤ ናዚዎች በ1945 ሲወድቁም አላየም። አመዱ ለብዙ ዘመን በኒው ዮርክ አጠገብ ከቆየ በኋላ በ1998 ወደ ለንደን ተወስዶ በጎልደርስ ግሪን ተቀመጠ። በተወለደባት በበርሊን አላረፈም።

ጓደኞቻችን ሆይ! ይህ ሰው ጠመንጃ ያነሣ ጀግና አልነበረም፤ ወኅኒም አልወረደም። ያደረገው አንድ ቅጽ ላይ አንዲት ቃል መጻፍ ነው። እኛም ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ሕይወታችን የጽሕፈት ጠረጴዛና የቅጽ ሕይወት ነው የሚሆነው፤ የምንሞላው አለ፤ ሌላው እንዲሞላ የምንሰጠውም አለ። አብዛኛው ስምና ዕድሜ ከመጠየቅ አያልፍም። ይሁን እንጂ ከዕለታት አንድ ቀን ከወረቀቱ ላይ የባልንጀራችንን መጥፊያ የሚጠይቅ መሥመር ይመጣብን ይሆናል። ያን ጊዜ እጃችን እንደ ኦርላክ እጅ ሌላ ሰው የሚያዘው እንዳይሆን፣ ዓይናችንም እንደ ቼዛሬ ዓይን ተጨፍኖ እንዳይገኝ ከወዲሁ ማሰብ ይገባናል። ኮንራድ ፋይት ትእዛዝ የሚፈጽመውን ገላ በሸራ ላይ ሲያሳይ ኖሮ፣ በእውነተኛው ቀን ግን ገላውን ለማንም አላስረከበም። ዓለም ዛሬ የሚያስታውሰው በናዚ ልብሱ ነው፤ ልብሱ ግን የተውሶ ነበረ።